ከአንጎል የወጣው ግራጫ ጓል፦ የአንድ የግራ ኤትሪየም ሚክሶማ የጉዳይ ጥናት

በስትሮክ ጊዜ ከአንጎል ደም ቅዳ በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ተመጥጦ የሚወጣ ጓል አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ቀይ ነው። ከእኚህ ታካሚ የወጣው ግን ግራጫ ሆኖ ወደ ነጭ የሚያደላ፣ የሚያሟልጭና ጄሊ የሚመስል ነበር፤ ርዝመቱ 7 ሚሊ ሜትር። ከደም ጋር ታጥቦ አልተጣለም። 10 በመቶ ፎርማሊን ባለበት ዕቃ ተደርጎ ወደ ፓቶሎጂ (የሴል ምርመራ ክፍል) ተላከ፣ በዚያው ቀንም የልብ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተሠራ። በሽታው የታወቀው በዚያች 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሕመሙ ግን ከጀመረ 7 ወር ሞልቶታል።

ሰባቱ ወራት

ታካሚዋ የ47 ዓመት ሴት ናቸው። ቀድሞ የሚታወቅ የልብም ሆነ የሳንባ ሕመም የለባቸውም፤ ሲጋራ አያጨሱም። መጀመሪያ ያስቸገራቸው የትንፋሽ ማጠር ነው። ደረጃ ሲወጡ ብቻ ሳይሆን በግራ ጎናቸው ሲተኙና ጫማ ለማሰር ሲያጎነብሱ ይብስባቸው ነበር፤ ወደ ቀኝ ሲገላበጡ ወይም ቀና ሲሉ ቀለል ይላል። ይህ በመጀመሪያው የሕክምና ካርድ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ከጻፈው በኋላ ግን ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ሳል ከትንፋሽ ማጠር ጋር ስለመጣ አስም ተባለና ፓፍ ታዘዘ።

ሳሉ በእርግጥ ከሳንባ የመጣ ነው፤ ሳንባውን ያስጨነቀው ግን ልብ ነበር። በግራ ኤትሪየም፣ ማለትም ከሳንባ የሚመለሰውን ደም በሚቀበለው የልብ የላይኛው ክፍል፣ የተንጠለጠለ ሚክሶማ የተባለ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ፣ ልብ በተዘረጋ ቁጥር ወደ ታችኛው ክፍል መግቢያ ወደሆነው ሚትራል ቫልቭ ወርዶ መተላለፊያውን ይወትፋል። ደም ወደ ሳንባ ተመልሶ ይጠራቀማል፣ የሳንባ ደም ሥሮች ግፊት ይጨምራል። የአካል አቀማመጥ ሲለወጥ ዕጢው ስለሚንሸራተት የትንፋሹ ነገርም አብሮ ይለወጣል። አስም በየትኛው ጎን እንደተኙ አይጠይቅም።

በ3ኛው ወር የማታ ትኩሳት ተጨመረ፤ ከ37.8 ዲግሪ አይበልጥም፣ ግን አይቀርም። መገጣጠሚያ ማመም፣ ድካም፣ የ6 ኪሎ ክብደት መቀነስ ተከተለ። ሄሞግሎቢን 9.8፣ የደም ዝቃጭ ፍጥነት በሰዓት 86 ሚሊ ሜትር፣ የብግነት መለኪያው ሲአርፒ 64 ሆነ። ሦስት ጊዜ የተወሰደው የደም ካልቸር ምንም አላበቀለም፤ የሰውነት መከላከያ መዛባትን የሚፈልጉ ምርመራዎችም ነጻ ነበሩ። የደም ሥር ብግነት ተጠርጥሮ ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ በቀን 40 ሚሊ ግራም ተጀመረ። በሁለት ሳምንት ትኩሳቱ ጠፋ፣ ሲአርፒ ወደ 18 ወረደ።

ይህ መሻሻል ከሁሉ የከፋው አሳሳች ምልክት ሆነ። የሚክሶማ ሴሎች ኢንተርሉኪን-6 የተባለውን ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን ስለሚያመነጩ ትኩሳቱ፣ የደም ማነሱ፣ የክብደቱ መቀነስ ሁሉ ከዚያ ይመጣል። ስቴሮይድ ብግነቱን ያበርዳል፤ ዕጢውን ግን አይነካውም። መድኃኒቱ መሥራቱ የተሳሳተውን ግምት አጸናው።

ሁለት ፍንጮች ደግሞ አለፉ። አንደኛው፣ ታካሚዋ ከአልጋ ሲነሱ ለ10 ሰከንድ ያህል ራሳቸውን ስተው ወድቀው ነበር፤ ለደም ማነስ ተሰጠ። ሁለተኛው፣ አንድ ሐኪም በልብ ጫፍ ላይ ዝቅ ያለ ማጉረምረም ሰምቶ "የሚትራል ጥበት?" ብሎ ጻፈ፤ ከሳምንት በኋላ ያዳመጠው ሌላ ሐኪም ምንም አልሰማም። ሁለቱም ልክ ነበሩ። የሚትራል ጥበት ድምፅ ዛሬ ተሰምቶ ነገ አይጠፋም፤ የሚመጣና የሚሄድ፣ በአቀማመጥ የሚለዋወጥ ድምፅ ሲሆን መታሰብ ያለበት ተንቀሳቃሽ ነገር ነው። ኢኮ ታዝዞ ተራ እየተጠበቀ ሳለ ስትሮኩ ቀደመ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል

ማታ 4 ሰዓት ላይ ደህና ሆነው የተኙት ታካሚ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ሲነቁ ቀኝ እጅና እግራቸው አይታዘዝም፣ አንደበታቸው ተይዟል። በስትሮክ መመዘኛው ከ42 ነጥብ 14 አገኙ። ሲቲ ስካን የደም መፍሰስ አላሳየም። በደም ሥር ቀለም የተነሳው ሲቲ የግራው መካከለኛ የአንጎል ደም ቅዳ ከመነሻው መዘጋቱን አሳየ፤ የሞተው የአንጎል ክፍል ትንሽ፣ ሊድን የሚችለው ሰፊ ነበር። ኢሲጂ መደበኛ ምት እንጂ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለውን የተዛባ ምት አላሳየም።

ደህና ሆነው ከታዩበት ሰዓት ከ7 ሰዓት በላይ ስላለፈ የረጋ ደም ማሟሚያ መድኃኒት አልተሰጠም። ቢሰጥም በዚህ ጉዳይ ጥቅሙ ጠባብ ነው፤ መድኃኒቱ የሚያሟሟው ፋይብሪንን ነው፣ ይህ ጓል ግን በአብዛኛው የዕጢ ቁራጭ ነበር። በብሽሽት በኩል በገባ ካቴተር በአንድ ሙከራ ተመጦ ወጣ፣ ደም ቅዳውም ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። በማግሥቱ ነጥቡ ወደ 4 ወረደ።

ከሁለት ቀን በኋላ የፓቶሎጂ ውጤት ደረሰ፦ ንፍጥ መሰል መደብ ላይ የተበተኑ ኮከብ ቅርጽ ያላቸው ሴሎች፣ ሚክሶማን ለመለየት ለሚረዳው ካልሬቲኒን ለተባለ ፕሮቲን አዎንታዊ። ከአንጎል የወጣ ማንኛውም ጓል ለፓቶሎጂ ይላክ የሚለው አሠራር በየቦታው አይጠበቅም፤ ቀለሙ ከተለመደው የተለየ ከሆነ ግን አለመላክ ምክንያት የለውም። ታካሚው ወጣት፣ ምቱ መደበኛ፣ የደም ዝቃጩ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ።

ኢኮው

በደረት ላይ የተሠራው ኢኮ 5.2 በ3.4 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በግራ ኤትሪየም ውስጥ የሚወዛወዝ ነገር አሳየ። ልብ በተዘረጋ ቁጥር በሚትራል ቫልቭ አልፎ ወደ ታችኛው ክፍል ይገባል። በቫልቩ በኩል ያለው አማካይ የግፊት ልዩነት 9 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ የሳንባ ደም ቅዳ የላይኛው ግፊት ግምት 58 ነበር። ገጽታው ለስላሳ አይደለም፤ እንደ ዘርፍ የተንዠረገገ ነው። ይህ ልዩነት የሚናቅ አይደለም፦ ለስላሳና ትልቅ የሆኑ ሚክሶማዎች መተላለፊያ መዝጋት ይቀናቸዋል፣ የተንዠረገጉት ደግሞ እየተበጣጠሱ በደም መሄድ።

የደረት ኢኮው ዕጢው በሁለቱ ኤትሪየሞች መሃል ባለው ግድግዳ ላይ መያዙን ቢናገርም ትክክለኛ ቦታውን አልለየም። በምግብ ቧንቧ በኩል የተሠራው ኢኮ ለየው። ሥሩ 1.4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት የተያዘው እንደ አብዛኞቹ በፎሳ ኦቫሊስ (በዚያ ግድግዳ ላይ ባለው ስስ ጎድጓዳ ቦታ) መሃል ሳይሆን በላይኛው ጠርዙ ላይ፣ ወደ ቀኝ የላይኛው የሳንባ ደም መልስ በሚወስደው በኩል ነበር። ሁለቱ የሚትራል ቅጠሎች ጤነኛ ናቸው። በግራ ኤትሪየም ኪስ ውስጥ የረጋ ደም የለም። ይህ የቦታ ልዩነት የቀዶ ጥገናውን መንገድ ቀየረ፣ ጥርጣሬም አጫረ።

ሚክሶማ ነው ወይስ ሌላ?

ከልብ ከራሱ የሚነሱ ዕጢዎች ብርቅ ናቸው፤ ከሌላ አካል ወደ ልብ የሚዛመቱት ከ20 እጥፍ በላይ ይበልጧቸዋል። ከልብ ከሚነሱት ሦስት አራተኛው ያህል ካንሰር ያልሆኑ ሲሆኑ፣ በአዋቂዎች ከእነዚህ ዋነኛው ሚክሶማ ነው። ሦስት አራተኛው ሚክሶማ በግራ ኤትሪየም ይበቅላል። ስለዚህ ዕድሉ ወደ ሚክሶማ ማድላቱ ግልጽ ነው። ሆኖም ዕድል ማስረጃ አይደለም።

የረጋ ደም የተጠረጠረው ለአጭር ጊዜ ነው። በግራ ኤትሪየም ደም የሚረጋው በኪሱ ውስጥ ወይም በኋላኛው ግድግዳ ላይ፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ወይም የሚትራል ጥበት ባለበት ነው። የኢንፌክሽን እድገት በቫልቭ ቅጠል ላይ ይቀመጣል፤ እዚህ ቅጠሎቹ ንጹሕ ናቸው። ፓፒላሪ ፋይብሮኤላስቶማ የተባለው ካንሰር ያልሆነ ዕጢም ብዙውን ጊዜ በቫልቭ ላይ የሚገኝ፣ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ነው። ያሳሰበው ሳርኮማ የተባለው ካንሰር ነበር። የግራ ኤትሪየም ሳርኮማ በኢኮ ሚክሶማ መስሎ ብዙዎችን አታሏል፤ ሥሩ ሰፊ፣ መያዣው ከግድግዳው መሃል ውጭ፣ ወደ ሳንባ ደም መልሶች የሚሳብ ሲሆን ጥርጣሬው ይጨምራል። የእኚህ ታካሚ ዕጢ ወደ ደም መልሱ ተጠግቷል፤ ገብቶበት ግን አይደለም።

የልብ ኤምአርአይ የተሠራው ይህንን ለመቁረጥ ነው። ዕጢው በቲ2 ምስል ላይ በጣም የሚያበራ፣ ቀለም ሲሰጥ ወጥ ባልሆነ መንገድ የሚቀበል ሆኖ ተገኘ። የረጋ ደም ቢሆን በዘገየው ምስል፣ በተለይ የመገልበጫ ጊዜው ወደ 600 ሚሊ ሰከንድ ሲረዝም፣ ጥቁር ሆኖ በቀረ ነበር። በሥሩ ዙሪያ ያለው ግድግዳ አልወፈረም፣ በልብ ሽፋን ውስጥ ፈሳሽ የለም። የደረትና የሆድ ሲቲ ሌላ ዕጢ አላሳየም። ከዚህ በኋላ ጥርጣሬው ለቀቅ አለ፤ ዕቅዱ ግን ለሁለቱም ተዘጋጀ። ቀዶ ጥገናው መሃል ላይ ፈጣን የፓቶሎጂ ምርመራ እንዲኖር፣ ሳርኮማ ከሆነ ግድግዳው ሰፋ ተደርጎ እንዲቆረጥና በከብት ፔሪካርዲየም እንዲጠገን።

በካቴተር ናሙና መውሰድ አልታሰበም። የሚበጣጠስን ዕጢ በግራ ልብ ውስጥ በመንጠቆ መንካት ሁለተኛ ስትሮክ መጥራት ነው፤ ፓቶሎጂውንም አንጎል ቀድሞ ሰጥቷል። የልብ ደም ቅዳዎችም በካቴተር ሳይሆን በሲቲ ታዩ፤ ጥበት የለም።

መቼ ይከፈት?

እዚህ ላይ ባለሙያዎች ይለያያሉ። የልብና ሳንባ ማሽን ሄፓሪን የተባለው ደም ማቅጠኛ በከፍተኛ መጠን ካልተሰጠ አይሠራም፤ ትኩስ ስትሮክ ያለበት አንጎል ደግሞ በሄፓሪን ሊደማ ይችላል። አንዳንዱ 4 ሳምንት ይጠብቃል። በሌላ በኩል ዕጢው እዚያው ተንጠልጥሎ ሌላ ቁራጭ ሊልክ፣ ወይም ቫልቩን ደፍኖ በድንገት ሊገድል ይችላል።

በ4ኛው ቀን የተነሳው የአንጎል ኤምአርአይ የሞተው ክፍል 2.1 ሴንቲ ሜትር ብቻ መሆኑንና ምንም የደም መፍሰስ አለመኖሩን አሳየ። ይህ ውሳኔውን አጠናቀቀ፤ ቀዶ ጥገናው በ6ኛው ቀን ሆነ፣ በዕለቱ ማለዳ ሲቲ ተደግሞ። የሞተው ክፍል ሰፊ ወይም የደማ ቢሆን ኖሮ መጠበቅ ይሻል ነበር። እስከዚያው ሙሉ መጠን ደም ማቅጠኛ አልተሰጠም፤ ቁራጩ የረጋ ደም ስላልሆነ ማቅጠኛው አያስቆመውም። ለእግር ደም ሥር መከላከያ ኢኖክሳፓሪን 40 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ብቻ ተሰጠ፤ የመጨረሻው ከቀዶ ጥገናው 12 ሰዓት በፊት።

ማደንዘዣ

ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው አደገኛ ደቂቃ ታካሚው የሚተኛበት ነው። አልጋው 40 ዲግሪ ቀና እንዳለ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ዝቅ ተደረገ፤ ታካሚዋ የሚቀላቸው በቀኝ በኩል መሆኑ ስለሚታወቅ ጠረጴዛው ወደዚያ ዘመም አለ። ማሽኑ በፈሳሽ ተሞልቶ፣ ቀዶ ሐኪሙ ታጥቦና ለብሶ ቆሞ ነው መድኃኒቱ የተወጋው። ኢቶሚዴት በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም የተመረጠው የደም ግፊት ስለማይጥል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አያያዝ እንደ ሚትራል ጥበት ነው፦ ምቱ ከ60 እስከ 80፣ ደም ሥሮች እንዳይላሉ ፊኒሌፍሪን፣ ፈሳሽ እንዳይጎድል። ምት ሲፈጥን ልብ የሚሞላበት ጊዜ ያጥራል፣ በዕጢ የተጣበበው ቀዳዳ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

ለ6 ሳምንት ስቴሮይድ ሲወስዱ ስለነበር አድሬናል ዕጢያቸው ተኝቷል ተብሎ ታሰበ፤ ሃይድሮኮርቲዞን 100 ሚሊ ግራም በመጀመሪያ፣ ከዚያ በየ6 ሰዓቱ 50 ተሰጠ። ይህ ቢረሳ ከማሽን በኋላ የሚወርደው ግፊት ለልብ ድካም ይሰጥ ነበር።

ቀዶ ጥገናው

ሕጉ አንድ ነው፦ አኦርታ (ከልብ የሚወጣው ዋናው ደም ቅዳ) እስኪቆነጠጥ ድረስ ልብ አይነካም፣ አይነሳም፣ አይገለበጥም። በሌሎች የልብ ቀዶ ጥገናዎች ቀድመው የሚሠሩ ብዙ ነገሮች እዚህ ወደ ኋላ ይሄዳሉ።

ደረቱ በመሃል ተከፈተ። ከልብ ሽፋኑ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ተወስዶ በ0.6 በመቶ ግሉታራልዴሃይድ ለ8 ደቂቃ ተነከረ፣ ሦስት ጊዜ በጨው ውሃ ታጠበ። ሄፓሪን በኪሎ 300 ዩኒት፣ ለ58 ኪሎ 17,400 ዩኒት ተሰጠ፤ የደም መርጊያ ጊዜው 512 ሰከንድ ደረሰ፣ ከ480 በላይ መሆኑ ይበቃል። ደም ወደ ማሽኑ የሚመላለስባቸው ቱቦዎች፣ ካኑላዎቹ፣ አንዱ በአኦርታ፣ ሁለቱ በየፊናቸው በላይኛውና በታችኛው ቬና ካቫ (ደም ወደ ልብ በሚመልሱት ትልልቅ ደም መልሶች) ገቡ፤ ሁለቱም ከቀኝ ኤትሪየም አካል ራቅ ብለው፣ ምክንያቱም ያ ክፍል ይከፈታል። በሌላ ጊዜ በቀኝ የላይኛው የሳንባ ደም መልስ በኩል ወደ ግራ ልብ የሚገባው ማፍሰሻ ቱቦ ቀረ፤ መንገዱ በዕጢው ሥር አጠገብ ያልፋል። በአኦርታ ሥር ያለው መርፌ ብቻ ተተወ። በቬና ካቫዎቹ ዙሪያ የሚታሰሩት ክሮችም የተላለፉት ከቁንጠጣው በኋላ ነው።

ማሽኑ ሲጀምር ሙቀት ወደ 32 ዲግሪ ወረደ። ለተጎዳው አንጎል ሲባል አማካይ የደም ግፊት ከ75 በታች እንዳይወርድ ተጠበቀ። አኦርታ ተቆነጠጠ፤ በ4 ዲግሪ የቀዘቀዘ ዴል ኒዶ ካርዲዮፕሌጂያ (ልብን የሚያቆም ፈሳሽ) ገባ። ስሌቱ በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር ነው፣ ከ1,000 አይታለፍም፤ ስለዚህ 1,000 ተሰጠ። ልብ ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ቆመ።

ቀኝ ኤትሪየም ሰያፍ ተከፈተ፣ የልብን ምት የሚያስነሳው የሳይነስ ኖድ ካለበት ከላይኛው ቬና ካቫ መጋጠሚያ 1.5 ሴንቲ ሜትር ርቆ። ከዚያ የመሃል ግድግዳው በፎሳ ኦቫሊስ ታችኛ ክፍል ላይ በትንሹ ተበሳ፤ ከዕጢው ሥር ሩቁ ቦታ ያ ነው። ሥሩ ከላይ በመሆኑ በዚህ ቀዳዳ ብቻ ዙሪያውን ማየት አልተቻለም። ኢኮው አስቀድሞ ስላስጠነቀቀ ግራ ኤትሪየምም ከውጭ፣ በሁለቱ ኤትሪየሞች መሃል ባለው ጎድጓዳ መስመር፣ ተከፈተ። ከሁለት ወገን ሲታይ ሥሩ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ግልጽ ሆነ።

ዕጢው በመያዣ አልተቆነጠጠም። የተያዘው በሥሩ ዙሪያ ያለው ጤናማ ግድግዳ ነው፤ እሱም ከሥሩ ጋር በሙሉ ውፍረቱ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ተትቶ፣ ዙሪያውን ተቆረጠ። በአንድ ወገን ብቻ ጠርዙ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ጠበበ፦ ከፊትና ከላይ በኩል። የፎሳው የላይኛው ጠርዝ በእውነቱ ግድግዳ አይደለም፤ ስብ የያዘ እጥፋት ነው። በጥልቀት የቆረጠ ሰው ከልብ ውጭ ይወጣል፤ ወደ ፊት ያዘነበለ ደግሞ የአኦርታን ሥር ያገኛል። ቆርጦ ማስፋት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነጻ አይደለም። ሚክሶማን ከሥሩ ላጥ አድርጎ ማንሳት ግን አይበቃም፤ ተመልሶ እንዲያድግ ዘር መተው ነው።

የተቆረጠው በሰፊ ማንኪያ ተደግፎ ሳይበጠስ ወጣ፤ ክብደቱ 38 ግራም። ዕጢው ውስጥ ባለበት ጊዜ ሁሉ ከልብ ክፍሎቹ የተመጠጠው ደም ወደ ማሽኑ አልተመለሰም፣ ወደ ግድግዳ መምጠጫ ሄዶ ተጣለ። ከዚያ አራቱም የሳንባ ደም መልሶች፣ የግራው ኪስና በቫልቩ በኩል የታችኛው ክፍል አንድ በአንድ ታዩ፤ በ1.5 ሊትር ቀዝቃዛ የጨው ውሃ ታጠቡ። ከኪሱ አጠገብ 3 ሚሊ ሜትር የሆነች ቁራጭ ተገኘች። እሷ ብትቀር ማሽኑ ሲቆም የምትሄደው ወደ አኦርታ ነው።

ፈጣኑ ፓቶሎጂ በ18 ደቂቃ መለሰ፦ ሚክሶማ ይመስላል፣ የሴል ክፍፍል አልታየም፣ ጠርዞቹ ንጹሕ ናቸው። ሰፊው ቆረጣ አላስፈለገም።

ሳርኮማ ቢሆን ኖሮ የተለየ ቀን ይሆን ነበር። ወደ ኋላኛው ግድግዳ የገባ ትልቅ የግራ ኤትሪየም ሳርኮማ ልብ በቦታው ሳለ በሙሉ ጠርዝ መቁረጥ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ልብን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ በበረዶ ውሃ ላይ ቆርጦና ጠግኖ መመለስ የሚባል ቀዶ ጥገና አለ። የልብ ቀዶ ሐኪሙ ዴንተን ኩሊ በ1985 እ.ኤ.አ. ሞክሮት ነበር፤ ማይክል ሪርደን በ1998 እ.ኤ.አ. ለሳርኮማ አሳክቶታል። የተራው የሚክሶማ ቀዶ ጥገና ራሱም ከልብና ሳንባ ማሽን በፊት አይታሰብም ነበር፤ ክላረንስ ክራፎርድ በስቶክሆልም በ1954 እ.ኤ.አ. የግራ ኤትሪየም ሚክሶማን ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ ያወጣው በማሽኑ ረዳትነት ነው።

የሚትራል ቫልቭ በጨው ውሃ ተሞልቶ ሲፈተሽ ትንሽ የመሃል ማፍሰስ ብቻ ታየ። ለወራት ሲደበደብ የቆየ ቫልቭ ቀለበቱ ሊሰፋ ወይም ክሩ ሊበጠስ ይችላል፤ እዚህ አልሆነም፣ ስለዚህ ተተወ። 3 በ3.5 ሴንቲ ሜትር የሆነው ክፍተት በተዘጋጀው ቁራጭ፣ በ4-0 ፕሮሊን ተከታታይ ስፌት ተደፈነ። በታችኛው የፊት ጠርዝ፣ ምቱን ወደ ታችኛው ልብ የሚያስተላልፈው ኤቪ ኖድ ባለበት አቅራቢያ፣ መርፌው ላይ ላዩን ብቻ ያዘ።

አየር ማውጣቱ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደ፤ ሁለቱም ኤትሪየሞች ተከፍተዋልና። ሳንባ ተነፋ፣ ጭንቅላት ዝቅ ተደረገ፣ የአኦርታው መርፌ እየመጠጠ በኢኮ አረፋ እስኪጠፋ ተጠበቀ። ቁንጠጣው 71 ደቂቃ፣ ማሽኑ 98 ደቂቃ ቆየ።

ያልሄደው ነገር

ልብ ሲነሳ ምቱ በደቂቃ 48 ሆነ፣ የሳይነስ ኖዱም ዝም አለ። ቀዶ ጥገናው ኖዱን አልነካም፤ የነካው የሚመግበውን ደም ቅዳ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ቀጭን ደም ቅዳ ብዙ ጊዜ ከቀኙ የልብ ደም ቅዳ፣ በሌሎች ደግሞ ከግራው ቅርንጫፍ ይነሳል፣ ሁለቱን ኤትሪየሞች በሚለየው መስመር አጠገብም ያልፋል። ሁለቱንም ክፍሎች የመክፈት ዋጋው ይህ ነው። ለእይታው ሲባል ግን የሚከፈል ዋጋ ነው፤ ሥሩን ሳያዩ መቁረጥ ይበልጥ ውድ ነው። በጊዜያዊ ሽቦ ኤትሪየሙ በደቂቃ 90 እንዲመታ ተደረገ። በ3ኛው ቀን የራሱ ምት ተመለሰ። ቋሚ ፔስሜከር ለማስገባት መቸኮል አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለው መዘግየት ብዙ ጊዜ በቀናት ይስተካከላል።

ምቱ ከተመለሰ ከአንድ ቀን በኋላ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን መጣ። አሚዮዳሮን 150 ሚሊ ግራም በ10 ደቂቃ፣ ከዚያ በደቂቃ 1 ሚሊ ግራም ለ6 ሰዓት፣ ግማሹ ለ18 ሰዓት፤ በ11ኛው ሰዓት ወደ መደበኛ ተመለሰ። ሽቦው ገና ስላልወጣ ምቱ ቢዘገይ መደገፊያ ነበር፤ የሳይነስ ኖዱ የደከመ ታካሚ ላይ ሽቦ ሳይኖር አሚዮዳሮን መስጠት ድፍረት ነው። በ7ኛው ቀን የአንጎል ሲቲ ደም አለመፍሰሱን ካረጋገጠ በኋላ ዋርፋሪን የተባለው ደም ማቅጠኛ ተጀመረ፣ ለ3 ወር፣ የመቅጠኑ መለኪያ አይኤንአር ከ2 እስከ 3።

ከዚያ በኋላ

የመጨረሻው ፓቶሎጂ ሚክሶማ መሆኑንና ጠርዞቹ ነጻ መሆናቸውን አጸና። ከአንጎል ከወጣው ቁራጭ ጋር ጎን ለጎን ሲታይ አንድ ዓይነት ነበር።

ካርኒ ኮምፕሌክስ የተባለው በዘር የሚተላለፍ ችግር ታስቧል። ፒአርኬኤአር1ኤ በተባለው ጂን ጉድለት የሚመጣ ሲሆን በወጣትነት፣ በብዙ ቦታ፣ ከተለመደው ቦታ ውጭ የሚወጡ ሚክሶማዎች፣ በከንፈርና በዓይን ዙሪያ የሚታዩ ጥቁር ነጠብጣቦችና የሆርሞን ዕጢ መዛባት ይጠቁሙታል። በእኚህ ታካሚ ላይ ቆዳው ነጻ፣ ዕጢው አንድ፣ የቤተሰብ ታሪክ የለም፤ የሥሩ ቦታ ትንሽ መዛነፉ ብቻውን የጂን ምርመራ አላሳዘዘም። ምልክቶቹ ቢኖሩ ወላጅ፣ ወንድምና እህት፣ ልጆች ሁሉ ኢኮ ይሠራላቸው ነበር። ልዩነቱ ለክትትልም ይጠቅማል፦ ብቸኛና ዘር የሌለው ሚክሶማ በሙሉ ከወጣ ተመልሶ የሚያድገው ከመቶ ከ1 እስከ 3 በሚሆኑት ሲሆን፣ በካርኒ ግን ከዚህ በብዙ ይበልጣል።

የደም ዝቃጭ ፍጥነቱ በ6ኛው ሳምንት 22፣ በ3ኛው ወር 9 ሆነ። ሄሞግሎቢን ያለ ብረት መድኃኒት ወደ 12.6 ወጣ። ፕሬድኒሶሎን በ5 ሳምንት ቀስ በቀስ ተቀንሶ ቆመ። ፓፉ ከሆስፒታል ሲወጡ ተሰረዘ። የዝቃጩ ፍጥነት በክትትል ጊዜ ርካሽና ጠቃሚ መለኪያ ነው፤ ዝቅ ብሎ ከቆየ በኋላ ያለ ምክንያት ቢያሻቅብ ኢኮ ቀኑን ሳይጠብቅ ይደገማል።

የዕጢ ቁራጭ ወደ አንጎል ከሄደ በኋላ የሚቀር አንድ ዘገምተኛ አደጋ አለ። በደም ቅዳው ግድግዳ ላይ የተጣበቁ ሴሎች ግድግዳውን ሰርስረው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የደም ቅዳ እብጠት ሊያመጡ ይችላሉ፤ ልብ ከዳነ በኋላም። ስለዚህ የአንጎል ደም ሥር ምስል በ12ኛው ወር ተደገመ፤ የግራው መካከለኛ ደም ቅዳ ክፍት፣ እብጠት የለበትም። በዚያው ቀን የተሠራው ኢኮ ንጹሕ መጣፈያ፣ ጥቃቅን የሚትራል ማፍሰስና 31 የሆነ የሳንባ ግፊት አሳየ። ቀኝ እጃቸው ሙሉ በሙሉ ተመልሷል፤ ሲደክማቸው ስም ፍለጋ ላይ ጥቂት ይዘገያሉ። ኢኮ በየዓመቱ፣ የአንጎል ምስል ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ተቀጥሯል።